ሁለት የኢንተርኔት መስመር ላላችሁ፦ ትራፊክን በቢጂፒ እንዴት እንደምትመሩ

ሁለት የኢንተርኔት መስመር አላችሁ። ለሁለቱም በየወሩ ትከፍላላችሁ። አንደኛው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲንፏቀቅ ይውላል፣ ሌላኛው ባዶውን ተቀምጧል። ሠራተኛው "ኔትወርክ የለም" ይላል፣ አለቃ ደግሞ "ታዲያ ሁለተኛውን ለምን ገዛነው?" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ላላችሁ፣ ወይም ቢጂፒን (ኔትወርኮች ስለ መንገድ የሚነጋገሩበትን ፕሮቶኮል) ኮርስ ላይ ተምራችሁ ሥራ ላይ ሲመጣ ግራ ላጋባችሁ ነው። ራውተር ላይ አይፒ አድራሻ መስጠትና ስታቲክ ራውት መጻፍ እንደምትችሉ አድርጌ ነው የምነሳው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንተማመን። ቢጂፒ መስመራችሁ መሙላቱን አያውቅም። ፍጥነቱን አያውቅም፣ ዋጋውን አያውቅም፣ ፓኬት እየጣለ መሆኑንም አያውቅም። የሚያውቀው ጎረቤት ራውተር "ወደዚህ አድራሻ በእኔ በኩል ይኬዳል" ብሎ የነገረውን ብቻ ነው። ከዚያ መልእክት ጋር ተያይዘው የሚመጡት ምልክቶች ናቸው አትሪቢዩት የሚባሉት። ራውተሩ ወደ አንድ ቦታ ሁለት መንገድ ሲቀርብለት እነዚህን ምልክቶች በቅደም ተከተል እያየ አንዱን ይመርጣል። ስለዚህ "ራሱ ያመጣጥነዋል" ብሎ መጠበቅ የለም፤ ካላዘዛችሁት አንዱን መርጦ ሌላውን ይረሳዋል።

ለጠቅላላ እውቀት ያህል፣ ኢንተርኔት ማለት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኔትወርኮች ናቸው። ቁጥሩ ኤኤስ ቁጥር ይባላል። የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው፣ የጉግል 15169፣ የፌስቡክ ደግሞ 32934። እነዚህ ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በቢጂፒ ነው፣ በቲሲፒ ፖርት 179 ላይ። ነገሩ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1989 ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ውስጥ በነበረ ስብሰባ ሲሆን፣ ከርክ ሎሂድና ያኮቭ ሬክተር ምሳ ሰዓት ላይ ናፕኪን ላይ ነው የነደፉት። ለጊዜው ማስታገሻ ተብሎ የመጣ ነገር ዛሬም ዓለምን ተሸክሟል። አሁን የምንጠቀመው አራተኛው ቨርዥን ሲሆን ዋናው ሰነዱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 4271 ነው። ጊዜ ካላችሁ አንብቡት፣ እንደሚባለው ከባድ አይደለም።

ወደ ሥራው እንሂድ። መጀመሪያ የራሳችሁ ኤኤስ ቁጥርና የራሳችሁ አድራሻ ያስፈልጋችኋል። አድራሻው ቢያንስ /24 መሆን አለበት፤ ከዚያ ያነሰውን (/25፣ /26) አብዛኛው የዓለም ኔትወርክ አይቀበልም። በአይፒቪ6 ደግሞ ወሰኑ /48 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ይህን የምትጠይቁት ሞሪሺየስ ካለው የአፍሪካ አድራሻ አዳይ ድርጅት፣ ከአፍሪኒክ ነው። አውሮፓ፣ እስራኤል ወይም ባህረ ሰላጤው አካባቢ የምትሠሩ ከሪፕ ኤንሲሲ፣ አሜሪካ ያላችሁ ከአሪን ትጠይቃላችሁ። ከዚያ ሁለቱም አቅራቢዎች የቢጂፒ ሴሽን (በራውተራቸውና በራውተራችሁ መካከል የሚቆም የቢጂፒ ግንኙነት) ሊከፍቱላችሁ መስማማት አለባቸው። ይህን ውሉ ላይ አጽፉት፤ በቃል "ችግር የለም፣ እናደርጋለን" የተባለ ነገር መስመሩ ከገባ በኋላ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አቅራቢው "ሙሉ ቴብል ላኩላችሁ ወይስ ዲፎልት ብቻ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ በጉጉት "ሙሉውን!" እንዳትሉ። ሙሉው የአይፒቪ4 ቴብል፣ ማለትም የዓለም ራውቶች ሁሉ ዝርዝር፣ አሁን አንድ ሚሊዮን ራውት ገደማ ነው። ከሁለት አቅራቢ ሁለት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። ራውተራችሁ ሚሞሪው ካልቻለው ይንበረከካል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2014 ቴብሉ 512 ሺህን ሲያልፍ በየአገሩ ብዙ የቆዩ ራውተሮች የተንገዳገዱት በዚሁ ምክንያት ነበር። ለመካከለኛ ድርጅት የሚበጀው ዲፎልት ራውቱን ከአቅራቢው የራሱና የደንበኞቹ ራውቶች ጋር መቀበል ነው። ፓርሻል ይሉታል። ከታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር በዚህም ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ለምሳሌ የምጠቀማቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። እኛ 64500 ነን፣ አቅራቢ ሀ 64501፣ አቅራቢ ለ 64502፣ አድራሻችን 203.0.113.0/24። ሁሉም ለማስተማሪያ ተብለው የተተዉ ቁጥሮች ስለሆኑ ቀድታችሁ ራውተራችሁ ላይ እንዳትለጥፏቸው አደራ።

አሁን ዋናው ነገር። የሚወጣው ትራፊክ በእጃችሁ ነው፣ ታዝዙታላችሁ። የሚገባው ትራፊክ በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ትለምኑታላችሁ። ብዙ ሰው ቢጂፒ ላይ ፀጉሩን የሚነጨው ይህን ሳይለይ ነው፤ ለመውጫ የተሠራ መሣሪያ ለመግቢያ ሲሞክር፣ ወይም የገባውን ትራፊክ እንደወጣው ሊያዝዘው ሲፈልግ። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት "የተቸገርኩት በየትኛው ነው?" ብላችሁ ግራፉን እዩ። ቢሮ፣ ሆቴል፣ ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ ሰው የሚያወርደው ከሚጭነው በብዙ ስለሚበልጥ ችግራችሁ መግቢያው ላይ ነው። ሰርቨር የምታከራዩ ከሆናችሁ ደግሞ በተቃራኒው።

የሚወጣውን ማዘዝ

ራውተሩ ሁለት መንገድ ሲያገኝ የሚያይበት ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ኔክስት ሆፕ የሚባለው፣ ማለትም ቀጥሎ የሚሄድበት አድራሻ፣ የሚደረስበት መሆኑን ያጣራል፤ ካልተደረሰበት መንገዱ ውድድሩ ውስጥ አይገባም። ሲስኮ ላይ ቀጥሎ ዌይት ይታያል፣ ሁዋዌይ ላይ ደግሞ ፕሪፈርድ ቫልዩ የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ። ሁለቱም ከዚያች ራውተር አያልፉም። ከዚያ ሎካል ፕሪፈረንስ (እናንተ ለራውቱ የምትሰጡት የምርጫ ቁጥር)፣ ትልቁ ያሸንፋል። ከዚያ ራውተሩ ራሱ የፈጠረው ራውት ካለ እሱ ይቀድማል። ከዚያ ኤኤስ ፓዝ (ራውቱ ያለፈባቸው የኤኤስ ቁጥሮች ዝርዝር)፣ አጭሩ ያሸንፋል። ከዚያ ኦሪጅን፣ ከዚያ ሜድ (ጎረቤት በየትኛው መስመር እንድትገቡለት እንደሚፈልግ የሚጠቁምበት ቁጥር፤ ትንሹ ያሸንፋል)፣ ከዚያ ከውጭ ኔትወርክ በቀጥታ የመጣው ከውስጥ ከመጣው ይመረጣል፣ ከዚያ ኔክስት ሆፑ በውስጥ ኔትወርክ የሚቀርበው። እዚህ ድረስ ካልተለየ በዕድሜና በራውተር አይዲ ይወሰናል፤ እዚያ ከደረሳችሁ እናንተ አልመረጣችሁም፣ ዕጣ ነው የመረጠላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በየቀኑ የምትነኩት ሎካል ፕሪፈረንስን ነው። ካልነካችሁት 100 ነው። ኤኤስ ፓዝን ስለሚቀድም መንገዱ ረዘመ አጠረ ሳይል ያሸንፋል። በቅርበት እንየው። ወደ 198.51.100.0/24 ሁለት መንገድ አላችሁ እንበል። በአቅራቢ ሀ በኩል የመጣው ኤኤስ ፓዝ "64501 64505 64508" ይላል፣ በአቅራቢ ለ በኩል የመጣው "64502 64508"። ሲነበብ የቀኙ መጨረሻ የአድራሻው ባለቤት ነው፣ የግራው የመጀመሪያው ደግሞ የእናንተ ጎረቤት። ሁለቱም 100 ሎካል ፕሪፈረንስ ከያዙ ራውተሩ በ"ለ" ይሄዳል፣ ሁለት ስለሚያንስ ከሦስት። "ሀ" ላይ 200 ካደረጋችሁ ግን ርዝመቱን ሳያይ በ"ሀ" ይሄዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ራውት ማፕ (ራውቶችን የሚለይና ምልክታቸውን የሚቀይር ደንብ) ትጽፋላችሁ፣ ውስጡ ሎካል ፕሪፈረንስ 200 ትላላችሁ፣ አቅራቢ ሀ ላይ በ"ኢን" አቅጣጫ ትለጥፉታላችሁ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ ይሰናከላል፦ የሚወጣ ትራፊክን ለመምራት የሚገባ ራውት ላይ ነው የምትሠሩት። ራውቱ ከጎረቤት ወደ እናንተ ይመጣል፣ ትራፊኩ ደግሞ በዚያው መንገድ ከእናንተ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ተገላቢጦሽ ነው። ይህን አንድ ወረቀት ላይ በሁለት ቀስት ሣሉትና ሰርቨር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ አታፍሩበት።

እንዲህ ካደረጋችሁ ሁሉም በ"ሀ" ይወጣል፣ "ለ" መጠባበቂያ ብቻ ይሆናል። ሁለቱንም ማሠራት ከፈለጋችሁ ከ"ለ" ከሚመጡት ውስጥ የ"ለ" የራሱ የሆኑትንና የቀጥታ ደንበኞቹን ለይታችሁ 250 ስጧቸው፣ የቀረውን ተዉት። ለመለየት የኤኤስ ፓዝ ማጣሪያ ላይ ^64502(_[0-9]+)?$ የሚል መጻፍ ይበቃል፤ ትርጉሙ "በ64502 ይጀምር፣ ከእሱ በኋላ ቢበዛ አንድ ቁጥር ይኑር" ነው። ደንበኛው የራሱን ቁጥር ደጋግሞ ከጻፈ ግን ይህ ማጣሪያ ያመልጠዋል፣ አስቡበት። በጎረቤታችሁ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሰው ጋ በሌላ አቅራቢ ዞሮ መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ ይህ አከፋፈል ጥሩ መነሻ ነው።

ዌይትን ግን ተዉት እላለሁ። አንድ ራውተር ብቻ ካላችሁ ይሠራል። ሁለተኛ ራውተር የገባ ቀን ግን አንደኛው የመረጠውን ሁለተኛው አያውቅም፣ ፓኬቱ በመካከላቸው ኳስ ይሆናል። ሎካል ፕሪፈረንስ በውስጥ ቢጂፒ ለሁሉም ራውተሮቻችሁ ይደርሳል። ሁለት ራውተር ካላችሁ በመካከላቸው ኔክስት ሆፕ ሰልፍ ማድረግንም (ኔክስት ሆፑን በራስ አድራሻ መተካትን) አትርሱ፤ አለዚያ ሁለተኛው ራውተር የአቅራቢውን አድራሻ የማያውቀው ከሆነ መንገዱን ገና ከመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ይጥለዋል፣ እናንተ ደግሞ ሎካል ፕሪፈረንሱን ስትነካኩ ታመሻላችሁ።

አትሪቢዩት የማይረታው ነገር

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው ሁለቱ ራውቶች በትክክል አንድ ዓይነት ፕሪፊክስ (የአድራሻ ክልል) ሲሆኑ ነው። አንዱ /22 ሌላው /24 ከሆነ ውድድር የለም፤ ራውተሩ ሁልጊዜ በጠበበው፣ በ/24ው ይሄዳል። ሎካል ፕሪፈረንሱ አንድ ሺህ ቢሆንም ለውጥ የለውም።

የዚህን ጉልበት ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ነው። ዩቲዩብ በጊዜው 208.65.152.0/22 የሚል ነበር የሚያስተዋውቀው። የፓኪስታን ቴሌኮም (17557) ዩቲዩብን አገር ውስጥ ለመዝጋት ብሎ 208.65.153.0/24ን ለቀቀ፤ የእሱ አቅራቢ ፒሲሲደብሊው (3491) ሳያጣራ ለዓለም አስተላለፈው። በዓለም አቀፍ ሰዓት 18:47 ላይ ነው የጀመረው። የዓለም የዩቲዩብ ትራፊክ ወደ ፓኪስታን ነጎደ። ዩቲዩብ 20:07 ላይ እሱም ያንኑ /24 ማስተዋወቅ ጀመረ፤ አሁን እኩል ስለሆኑ ወደ ዩቲዩብ የሚወስደው ኤኤስ ፓዝ ያጠረለት ኔትወርክ ብቻ ዳነ። 20:18 ላይ /24ውን ለሁለት /25 ከፍሎ ለቀቀ፣ የተቀበሉት ኔትወርኮች ተመለሱለት። 21:01 ላይ ፒሲሲደብሊው የፓኪስታኑን ራውት አነሳው። ይህን ታሪክ በደንብ ከተረዳችሁት የራውቲንግ ግማሹን ተረድታችኋል።

የሚገባውን መለመን

የሠርግ ጥሪ ካርድ ጀርባ ላይ ወደ አዳራሹ የሚወስድ ካርታ ይታተማል አይደል? እንግዳው ግን በፈለገው መንገድ ነው የሚመጣው። የሚገባ ትራፊክም እንደዚያው ነው። እናንተ ካርታ ታትማላችሁ፣ የሚነዳው ሌላ ሰው ነው።

የታወቀው ልመና ፕሪፔንድ ነው። በአቅራቢ ለ በኩል ስታስተዋውቁ የራሳችሁን ቁጥር ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፦ "64500" መሆኑ ቀርቶ "64500 64500 64500" ይሆናል። ሩቅ ያለው ዓለም በ"ለ" በኩል ያለውን መንገድ ረጅም አድርጎ ያየውና በ"ሀ" ይመጣል። ይህ ራውት ማፕ በ"አውት" አቅጣጫ ነው የሚለጠፈው፣ ተገላቢጦሹን አስታውሱ።

ታዲያ ሠርቶ ለምን በ"ለ" የሚመጣው ትራፊክ ዜሮ አይሆንም? ምክንያቱም አቅራቢ ለ ራሱ ሎካል ፕሪፈረንስ አለው። የትራንዚት ኩባንያ ሁሉ ማለት ይቻላል ከደንበኛ የመጣን ራውት ከፒር (ትራፊክ ከሚለዋወጠው እኩያ ኔትወርክ) ከመጣው ያስቀድማል፣ ከፒር የመጣውን ደግሞ እሱ ራሱ ከሚከፍልበት ያስቀድማል። ነገሩ የገንዘብ ነው፤ ደንበኛ ይከፍላል፣ ፒር በነፃ ነው፣ ወደ ላይ ያለው ያስከፍላል። እናንተ ደንበኛው ናችሁ። ስለዚህ የ"ለ" ራውተሮችና ሌሎቹ ደንበኞቹ፣ እናንተ ቁጥራችሁን አሥር ጊዜ ብትደጋግሙም፣ በቀጥታ በ"ለ" ነው የሚመጡት። ሎካል ፕሪፈረንስ ከኤኤስ ፓዝ በፊት ይታያልና። ሦስት ፕሪፔንድ ካልሠራ ሠላሳም አይሠራም።

እንዲያውም ማብዛቱ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2009 ሱፕሮኔት የሚባል የቼክ አቅራቢ፣ ቁጥሩ 47868 ነበር፣ ማይክሮቲክ ራውተር ላይ ፕሪፔንድ ሊያደርግ ፈለገ። ሲስኮ ላይ የምትጽፉት የምትደግሙትን ኤኤስ ቁጥር ነው፣ ማይክሮቲክ ግን የሚጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚደገም ነው። የኤኤስ ቁጥሩ በድግግሞሽ ቦታ ገባ። ያ ቦታ እስከ 255 ብቻ ስለሚይዝ 47868 ለ256 ተካፍሎ የተረፈው 252 ተወሰደ። ኤኤስ ፓዙ 252 ጊዜ የተደገመ ቁጥር ይዞ ዓለምን ዞረ። በየደረሰበት አንድ አንድ ቁጥር እየተጨመረበት 255ን ሲያልፍ፣ አንዳንድ የቆየ ሶፍትዌር ያላቸው የሲስኮ ራውተሮች የተበላሸ መልእክት መላክ ጀመሩ፣ ሴሽኖች ወደቁ፣ ተነሱ፣ ደግመው ወደቁ። የአንድ ትንሽ ኩባንያ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው ይህን ያደረገው። ስለዚህ ራውተራችሁ ቁጥር ነው ወይስ ብዛት የሚጠይቀው የሚለውን አጣሩ፣ ከሦስት በላይም አትሂዱ።

ፕሪፔንድ ያቃተውን የሚያደርገው ኮሚዩኒቲ ነው። ለእኔ ከአትሪቢዩቶች ሁሉ እጅግ ጠቃሚውና እጅግ የተረሳው እሱ ነው። ኮሚዩኒቲ ማለት ራውቱ ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ነው፣ በሁለት ነጥብ የተከፈለ፣ ብዙ ጊዜ የግራው የአቅራቢውን ኤኤስ ቁጥር ያሳያል። አቅራቢው አስቀድሞ "64501:80 ከለጠፋችሁ ሎካል ፕሪፈረንሳችሁን 80 አደርገዋለሁ፣ 64501:3 ከለጠፋችሁ ለሌሎች ሳስተላልፍ ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ" ብሎ ዝርዝር ያወጣል (እነዚህን ለምሳሌ ነው የጻፍኳቸው፣ እያንዳንዱ አቅራቢ የራሱ አለው)። የመጀመሪያው ማለት የአቅራቢውን ራውተር ውስጥ ገብታችሁ ሎካል ፕሪፈረንስ ቀየራችሁ ማለት ነው፣ በፈቃዱ። መጠባበቂያ መስመርን በእውነት መጠባበቂያ የሚያደርገው ይህ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት "የቢጂፒ ኮሚዩኒቲ ዝርዝራችሁን ላኩልኝ" በሉ። ሽያጭ ክፍሉ ምን እንደሆነ ላያውቀው ይችላል፣ ወደ ቴክኒክ እንዲያስተላልፉት ጠይቁ። ዝርዝር የሌለው አቅራቢ ካጋጠማችሁ ቢያንስ ምን እንደምትገዙ አውቃችሁ ትገዛላችሁ።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር፦ ሲስኮ ላይ ጎረቤቱ ላይ "ሴንድ ኮሚዩኒቲ" ካላላችሁ ኮሚዩኒቲው ከራውተራችሁ ሳይወጣ ይቀራል፣ ኤረርም አያሳይም። ሁዋዌይም "አድቨርታይዝ ኮሚዩኒቲ" የሚል ትእዛዝ ይፈልጋል። "ለጠፍኩ ግን ምንም አልተለወጠም" የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። የኤኤስ ቁጥራችሁ ከ65535 የሚበልጥ፣ ማለትም ባለ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ባረጀው ኮሚዩኒቲ ግማሽ ላይ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአርኤፍሲ 8092 የመጣውን ላርጅ ኮሚዩኒቲ ተጠቀሙ።

ሜድን ብዙ አልቆይበትም። ከአንድ አቅራቢ ጋር ሁለት መስመር ሲኖራችሁ "በዚህኛው ግባልኝ" ለማለት ነው። ራውተሮች በተለይ ካልታዘዙ በስተቀር ሜድን የሚያወዳድሩት ከአንድ ጎረቤት ኔትወርክ በመጡ መንገዶች መካከል ብቻ ስለሆነ፣ በ"ሀ" እና በ"ለ" መካከል ለመምረጥ ሜድ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ደግሞ አቅራቢው ሜዳችሁን ዜሮ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል፣ ጠይቁ።

የመጨረሻው ልመና፣ ልመና እንኳ አይደለም፣ መክፈል ነው። /23 ካላችሁ አንዱን /24 በ"ሀ"፣ ሌላውን /24 በ"ለ"፣ ሙሉውን /23 ደግሞ በሁለቱም ታስተዋውቃላችሁ። የጠበበው ስለሚያሸንፍ ትራፊኩ እንደምትፈልጉት ይከፈላል፣ አንዱ መስመር ሲወድቅ /23ው ይዞት በሌላው ይመጣል። ይሠራል፣ ያለ ምንም ጥርጥር። ግን የዓለምን ቴብል የምታሳብጡ እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ኮሚዩኒቲ ሞክራችሁ ሲያቅት ብቻ። ከማድረጋችሁ በፊት አርፒኬአይ (የአድራሻ ባለቤትነት ማረጋገጫ ሥርዓት) ላይ ያለውን ሮኣ፣ ማለትም የትኛው ኤኤስ አድራሻውን ማስተዋወቅ እንደሚችል የሚመሰክረውን ሰነድ፣ እዩ። ሮኣው "ይህ /23 በ64500 ብቻ፣ በ/23 ብቻ" የሚል ከሆነ የምትለቋቸው /24ዎች ኢንቫሊድ ይሆናሉ፣ ትልልቆቹ ኔትወርኮች ይጥሏቸዋል። ለእያንዳንዱ /24 የራሱን ሮኣ ፍጠሩለት፣ ከዚያ ልቀቁ።

መግቢያና መውጫውን ስትለያዩ ፋየርዎሉ ሊያኮርፍ ይችላል። ጥያቄው በ"ሀ" ወጥቶ መልሱ በ"ለ" ሲመጣ፣ በሁለቱ መስመሮች ላይ የተለያዩ ፋየርዎሎች ካላችሁ ሁለተኛው "ይህን ግንኙነት አላውቀውም" ብሎ ይጥለዋል። ኢንተርኔት ላይ መንገድ በሁለት አቅጣጫ የተለያየ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ጥፋት አይደለም። ፋየርዎሉን ከሁለቱ ራውተሮች ወደ ውስጥ አድርጉት።

ሳታጣሩ አትልቀቁ

ማጣሪያ ሳትጽፉ ሴሽን አትክፈቱ። ሁለት አቅራቢ ያለው ሰው ከ"ሀ" የሰማውን ለ"ለ" ከነገረ የሁለት ትልልቅ ኔትወርኮች መሸጋገሪያ ድልድይ ሆነ ማለት ነው፣ ደግሞም "ለ" ደንበኛውን ስለሚያስቀድም ትራፊኩ እውነትም ይመጣል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2018 የናይጄሪያው ሜይንዋን (37282) ኔትወርኩን ሲያሻሽል ማጣሪያው ተሳስቶ የጉግልን ራውቶች ለቻይና ቴሌኮም አሳለፈ። ለ74 ደቂቃ የጉግል ትራፊክ ከፊሉ በቻይና በኩል ሲዞር ቆየ። ጠለፋ ነው ተብሎ ተወራ፣ ኩባንያው ግን የማጣሪያ ስህተት መሆኑን አሳወቀ።

የምትጽፉት ማጣሪያ አጭር ነው። ወደ ውጭ 203.0.113.0/24 ብቻ ይለፍ፣ ሌላው ይከልከል። በቃ። ወደ ውስጥ የራሳችሁን አድራሻና እንደ 10.0.0.0/8 ያሉትን የግል አድራሻዎች ከልክሉ፣ ከ/24 የጠበበውንም። ማክሲመም ፕሪፊክስም (ከጎረቤት የምትቀበሉት የራውት ብዛት ወሰን) አስቀምጡ። አዳዲስ ሶፍትዌሮች እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን አርኤፍሲ 8212ን ተከትለው ፖሊሲ ካልተጻፈ ምንም አይቀበሉም፣ ምንም አይልኩም። ኤፍአርአር የሚባለውን የራውቲንግ ሶፍትዌር ስትጭኑ ሴሽኑ ተነስቶ ራውት ዜሮ ከሆነባችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ "ይህን ትእዛዝ ጻፍና አጥፋው" የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ አታጥፉት፣ ፖሊሲውን ጻፉ።

ለውጡን የምታደርጉት ሰው በሌለበት ሰዓት ይሁን፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ። ከለወጣችሁ በኋላ ሴሽኑን አትቁረጡት፣ ሶፍት የሚለውን ክሊር ተጠቀሙ፤ ራውቶቹ ብቻ እንደገና ይታያሉ። ከዚያ ሁለት ቦታ አጣሩ። አንደኛው የራሳችሁ ራውተር ነው፣ ለጎረቤቱ ምን እንደላካችሁ የሚያሳየውን "አድቨርታይዝድ ራውትስ" እዩ። ሁለተኛውና ዋነኛው ከውጭ ነው። ሪፕስታት በሚባለው የሪፕ ኤንሲሲ ድረ ገጽ ላይ ፕሪፊክሳችሁን ጻፉና ዓለም በየትኛው ኤኤስ ፓዝ እንደሚያያችሁ እዩ፣ ወይም የአንድ ትልቅ አቅራቢ ሉኪንግ ግላስ (ራውተሮቹ የሚያዩትን ለውጭ ሰው የሚያሳይ ገጽ) ላይ ግቡ። ፕሪፔንዱ እዚያ ካልታየ ከእናንተ አልወጣም ወይም መንገድ ላይ ሌላ መንገድ አሸንፎታል። የመስመር ግራፉን ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ተከታተሉት፣ የጠዋቱ ጫና ከምሽቱ አይመሳሰልምና።

ጥገና ሲመጣስ? አቅራቢ ሀ "ነገ ሌሊት መስመሩን እንነካለን" ካለ ኬብሉ እስኪነቀል አትጠብቁ። ለ"ሀ" በምታስተዋውቁት ራውት ላይ 65535:0 የሚለውን ኮሚዩኒቲ ለጥፉ። በአርኤፍሲ 8326 የተደነገገ ነው፣ የሚያከብር አቅራቢ ሎካል ፕሪፈረንሱን ወደ ዜሮ ያወርደዋል። "ሀ" የማያከብር ከሆነ ያው ፕሪፔንድና የራሱ ኮሚዩኒቲ አለላችሁ። በእናንተም በኩል ከ"ሀ" የመጡትን ራውቶች ሎካል ፕሪፈረንስ ወደ ዜሮ አውርዱ። ሴሽኑ ሳይቋረጥ ትራፊኩ ቀስ ብሎ ወደ "ለ" ይዞራል፣ የሚቆረጥ ስልክ ወይም የሚቋረጥ ስብሰባ እምብዛም አይኖርም። ግራፉ መሬት ሲነካ "አሁን ንቀሉ" በሏቸው። ሲጨርሱ መጀመሪያ መስመሩ ኤረር እንደሌለው አጣሩ፣ ከዚያ ኮሚዩኒቲውን አንሱ፣ ሎካል ፕሪፈረንሱንም ወደ 200 መልሱ።